ገና አላወቅኋቸውም

ባለቤቴ የጥምቀት ማግስት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ዘንዘልማ እኅቷ ቤት ከሄደች ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም ነበር። እኔም አልደወልሁም፤ ወንድ ነኛ! ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ለዘጠነኛ ክፍሎች ተውላጠ ስም እያስተማርሁ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥቼ ሳየው «ቤት» ይላል። እሷን የመዘገብኋት እንደዚያ ብዬ ነው። ጠመኔውን ጥዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ይቅርታ ስትለኝ ምን ብዬ እንደምኮራባት ሁሉ አዘጋጀሁ።

«ጋሽ አበጀ ዐረፉ» አለችኝ። «ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።»

ዘጋችው። መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር? ንዴት ነው። ለእኔ ብላ አይደለም የደወለችው ብዬ ተናደድሁ። የሰው ሞት ተረድቼ፣ ያውም የእኚያን ሰው! ኀዘኑ የደረሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍል ተመልሼ ሰሌዳው ላይ «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» ብዬ የጻፍሁትን ሳይ፣ ልጆቹ ፊት እንባዬ መጣ። ትምህርቱንም እዚያው አቋረጥሁት።

ጋሽ አበጀ በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። በጃንጥላው ካርታ ያሳያሉ፣ በጃንጥላው በር ያንኳኳሉ፤ ነገር ሲገርማቸው ደግሞ ጃንጥላውን ግማሽ ድረስ ከፈት ያደርጉና መልሰው ይዘጉታል። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኛ ቤት በአንድ አጥር ነው የምንለያየው፤ ስለዚህ ሥራ ቦታም ሰፈርም አንለያይም ነበር። ሰው ግን እሳቸውን የሚያነሣቸው በጃንጥላው አይደለም። ሚስታቸውን «እርስዎ» ስለሚሉ ነው።

እኛ አገር ሚስት ባሏን አንቱ ብትል ማንም አይገርመውም። እናቴ አባቴን እስኪሞቱ ድረስ አንቱ እንዳለቻቸው ነው። ባል ሚስቱን አንቱ ሲል ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? ያውም እሷ እሱን «አንተ» እያለችው!

የዕረፍት ደወል ሲደወል ጋሽ አበጀ መምህራን ማረፊያ ገብተው ለሚስታቸው ለእትዬ አንጓች ይደውላሉ። ስልኩ ሲነሣ እሳቸውም ብድግ ይላሉ። በስልክ እኮ ነው! «ሃሎ፣ እኔ ነኝ። ምሳ በሉ እንዴ? አይ፣ ሳይበሉማ አይቆዩ። ጉልበትዎስ ተሻለዎት?» ከዚያ የእትዬ አንጓች ጎርናና ድምፅ ከስልኩ አምልጦ ክፍሉን ይሞላዋል። «አበጀ! ስትመጣ ቲማቲም ይዘህ ና! የበሰበሰ አምጥተህ ደግሞ እንዳታናድደኝ!» ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። የሳቁ መሪ ደግሞ እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህር ነኝና ቃል መቀለጃ ማድረግ እችልበታለሁ። «ጋሽ አበጀ፣ ማታ ሲተኙ "ይፈቀድልኝ" ብለው ነው የሚገቡት?» እላቸዋለሁ። አብረውን ይስቃሉ። ተቆጥተው አያውቁም።

አንድ ቀን ከምሬ ጠየቅኋቸው። «ለምን አንቺ አይሏቸውም?»

ጃንጥላውን ግማሽ ከፈት አደረጉት። «ገና አላወቅኋቸውማ!» አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ሚስቱን ይፈራል እያለ የሚያማቸውም ስለነበር፣ ፍርሃታቸውን በቀልድ የሸፈኑት ነው ብዬ አለፍሁት።

አይጣሉም እንዳይመስላችሁ። በአጥሩ በኩል ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። «እርስዎ ግን ግትር ነዎት! አንድ ቀን እንኳ ልሸነፍ አይሉም!» ይላሉ ጋሽ አበጀ ጮኸው። «አንተ ነህ ግትር!» ይላሉ እትዬ አንጓች። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ይስቃሉ። አንዴ በዚሁ ስቀልድባቸው፣ «በእርስዎ መሳደብ ይከብዳል ልጄ» አሉኝ። «ምላስህ ይደነቃቀፋል። ስድቡን ከ"ነዎት" እና ከ"አሉ" ጋር ልታስማማው ስትታገል ንዴቱ ይበርድብሃል። ሞክረውና እየው።»

እኔማ ምን ልሞክር! እኔና ባለቤቴ እኮ በአንተና አንቺ ነው የተዋደድነው። ሁለታችንም አዲስ ሠራተኞች ሆነን አንድ ግቢ ውስጥ የየራሳችንን ክፍል ተከራይተን፣ ግቢው ያለው አንድ ቧንቧ ብቻ ነበር። እሷ ጀሪካኗን ስትሞላ እኔ ተራ እጠብቃለሁ፤ እኔ ስሞላ እሷ ትጠብቃለች። ቧንቧው ቀጭን ባይሆን ኖሮ አንጋባም ነበር እያልሁ ለሰው አወራለሁ። ጋሽ አበጀ ይህን ወሬዬን ይወዱታል። «አየህ፣ ሰው አጠገቡ የቆመውን ይወዳል» ይሉኛል። «እነዚህን የኬሚስትሪ መምህሯንና የስፖርቱን መምህር እያቸው። በምን ተዋደዱ? ባጃጅ ውስጥ በየቀኑ ተጣብቀው ስለሚመጡ ነዋ! ችግሩ ግን፣ አጠገብህ ብዙ የቆመውን ማየት ትተዋለህ።» እኔም «እንግዲያው ባጃጁ ይቀነስላቸው» ብዬ አሥቃቸዋለሁ።

የ«እርስዎ»ን ምንጭ የሰማነው አንድ እሑድ ነው። ጋሽ አበጀ እኔንና ባለቤቴን ሐይቁ ዳር አሳ ጋበዙን፤ ዛፍ ሥር፣ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ከነጭንቅላቱ ጠብሰው በሚያቀርቡበት ቦታ። እትዬ አንጓች ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ አበጀ ብድግ ብለው ወንበሩን በመሐረብ አራገፉላቸው። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ቀድሜ ተቀምጬ እጄን ታጥቤ ጨርሻለሁ።

«ቆይ ግን» አለች ባለቤቴ፣ ዳር ዳር ስትል ከቆየች በኋላ። «ይህ እርስዎ መባባል እንዴት ተጀመረ?»

«መባባል የለም» አሉ እትዬ አንጓች፣ የአሳ አጥንት ከጣታቸው እያራገፉ። «እሱ ነው የሚለኝ። እኔ ምን በወጣኝ!»

ከዚያ ሁለቱም እየተነጣጠቁ አወሩልን። ጋሽ አበጀ በወጣትነታቸው ከዘጌ በጀልባ ሲመለሱ ነው። ክረምት ነበር። መሀል ሐይቁ ላይ ነፋስና ዝናብ ተነሥቶ ጀልባዋ ብድግ ቁጭ ትላለች፤ ሰው ሁሉ የታቦቱን ስም ይጠራል። ከጎናቸው ጋቢ እስከ ዓይኗ የተከናነበች፣ ኩርምት ያለች አሮጊት ተቀምጣለች።

«"እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔን ይያዙ" አልኋቸው» አሉ ጋሽ አበጀ።

«የእናቴ ጋቢ ነበር» አሉ እትዬ አንጓች። «ብርዱ ድምፄን ዘግቶታል። እማማ ሲለኝ ሳቄ መጣ። "ተባረክ ልጄ" አልሁት።»

«ደግሞ "ሚስት አለህ ወይ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ።»

«ፍርሃቱን ላስረሳው ብዬ ነዋ! ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር እኮ።»

ወጣቱ አበጀ መሞቱ ነው ብሎ ስላሰበ፣ ለማያውቃት አሮጊት የሆዱን ሁሉ ዘረገፈ። ሴት ፊት ሲቆም አፉ እንደሚተሳሰር ነገራት። አባቱ እናቱን ሰው ፊት የሚያዋርድበትን አነጋገር እየሰማ እንዳደገ፣ እኔም እንደሱ ብሆንስ እያለ ትዳር እንደሚፈራ ነገራት። አንዳንዴ ብቻውን እንደሚያለቅስ እንኳ አልደበቃትም። አሮጊቷም «አይዞህ፣ አንተስ እንደሱ አትሆንም» ትለዋለች። ጀልባዋ ባሕር ዳር ደርሳ ስትቆም አሮጊቷ ጋቢዋን ገፋ አድርጋ ቀና አለች። ጥርሰ ፍንጭት፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጃገረድ!

«ውሃ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝ!» አሉ ጋሽ አበጀ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ አሁንም ፊታቸውን በመሐረቡ ሸፈኑ። «"አንቺ... እርስዎ... አንቺ..." እያልሁ ተንተባተብሁ።»

«እኔም "አንቺ ልትለኝ ነው? በምን አውቀኸኝ?" አልሁት» አሉ እትዬ አንጓች። «"እኔ አንተን አሁን አውቄሃለሁ፤ አንተ ገና አላወቅኸኝም። እስክታውቀኝ ድረስ በያዝኸው በእርስዎ ቀጥል።"»

«ይኸው ቀጥያለሁ።»

«እስካሁን አላወቋቸውም?» አለች ባለቤቴ። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ኧረ የት አውቄያቸው! ለካ ሙዝ አይወዱም! ይህን ሁሉ ዘመን ደመወዝ በተቀበልሁ ቁጥር ሙዝ ስገዛላቸው፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ነው የሚበሉት። በቀደም ነው ያወቅሁት። አውቄያቸዋለሁ ብዬ ላርፍ ስል አንድ ነገር ይወጣል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አውቃታለሁ ያልህ ለታ ዓይንህ ጡረታ ይወጣል።»

በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «አንተስ ታውቀኛለህ?» አለችኝ።

«አብጠርጥሬ ነዋ!»

«እስቲ አሁን ምን እያሰብሁ ነው?»

«ለነገ ሽንኩርት እንዳለቀብሽ» አልኋትና ሳቅሁ። ባጃጅ ነጂውም ሳቀ።

ራሷን ከትከሻዬ አነሣች። ምን ታስብ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሽ አበጀ ኩላሊታቸውን ታመው ከቤት ከዋሉ በኋላ ነው የጥምቀቱ ነገር የመጣው። ታቦቱን አስገብተን ስንመለስ ቤታችን በእንግዳ ሞላ፤ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ናቸው። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምራ ወዲያ ወዲህ ስትል ውላ፣ መሀል ላይ ቆም አለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ፊቷ በርቷል።

«እኔ እኮ» አለች፣ «መንጃ ፈቃድ...»

ከአፏ ነጠቅኋት። «መንጃ ፈቃድ? አንቺ? ኧረ ጉድ ስሙልኝ! ገበያ ደርሳ ለመመለስ መንገድ የሚጠፋት ሴት! ብትመዘገብ እንኳ ሳምንት አትቆይም፤ አብጠርጥሬ ነው የማውቃት። ይልቅ ስሚ፣ አዋዜው አልቋል።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለችና አዋዜውን አመጣች። ማታ ዕቃ አጠበች፤ ተኛች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ እሷ የለችም። እኅቷ ናት ደውላ የነገረችኝ። ምን አጠፋሁ? በቀልድ ማን ይኮርፋል? ሲሰለቻት ትመጣለች፤ አውቃታለሁ አልሁ። ይኸው እንደዚያ እያልሁ የካቲትም አለቀ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ አበጀን ልጠይቅ ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ከስተው አልጋው ላይ ረዝመዋል፤ ጃንጥላቸው ራስጌያቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጅቱስ?» አሉኝ። ባለቤቴን ልጅቱ ነው የሚሏት።

«ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ... ሰላም በልልኝ ብላለች።»

እትዬ አንጓች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ጋሽ አበጀ ግን «እግዜር ይስጣት። ሰላምታዋ ደርሶኛል በላት» አሉኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዙ። «አንተ ጥሩ አስተማሪ ነህ። በክፍልህ መስኮት በኩል ሳልፍ እሰማህ ነበር። "ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እስኪመጣ ጠብቁ" ትላቸዋለህ።»

«አዎ ጋሽ አበጀ።»

«ጎበዝ» አሉኝ።

ሕመሙ የሚያስቀባጥራቸው መሰለኝ። ባለቤቴ በየሳምንቱ ከዘንዘልማ እየመጣች ልብሳቸውን እንደምታጥብ፣ ያን ዕለትም እኔ ከመግባቴ ጥቂት ቀደም ብላ እንደወጣች የሰማሁት በቀብራቸው ቀን፣ ከጎረቤት አፍ ነው። እሷ ከተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ለካ ሰላም ብላለች ስል የነበረው! ሰውየው አንዲት ቃል አላሳፈሩኝም። እኔ ብሆን ኖሮ ሰው ጠርቼ ነበር የምስቀው።

የቀብሩ ዕለት የእድሩ ድንኳን ሰፈራችን መሀል ተተክሏል። ከባልደረቦቼ ጋር አግዳሚው ላይ ተደርድረን አስከሬኑ እስኪወጣ እንጠብቃለን። ከእንፍራንዝ የመጡ የጋሽ አበጀን ዘመዶች ከመነኸሪያ የጫነ፣ እድሩ የተዋሰው ፒክአፕ መጣ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በድንኳኑ ገመድና በቆሙት ባጃጆች መሀል ለእግረኛ እንኳ አይመችም። ፒክአፑ ዞሮ በኋላ ማርሽ ቀስ እያለ ገባና ገመዱን ሳይነካ ቆመ።

«ሾፌሩ መሪ አያያዝ ያውቅበታል» አለኝ የስፖርት መምህሩ።

የሾፌሩ በር ተከፈተ። ባለቤቴ ወረደች። ጥቁር ለብሳለች፤ ቁልፉን ጣቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! የጥምቀት ለታ ቤቴ የሳቁት ሰዎች ግራና ቀኜ ናቸው። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። የስፖርት መምህሩ ሳል ሳያስለው ሳል ሳል አለ። ምነው አንዱ እንኳ በሳቀብኝ አልሁ።

የጋሽ አበጀም ነገር ያኔ ነው የገባኝ። «እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ...» ነው ያለችው። ግሱ ገና አልመጣም ነበር። «ልማር ነው» ሊሆን ይችላል፤ «አማረኝ» ሊሆን ይችላል። እኔ ግሱን ራሴ ሞላሁትና በራሴ ግስ ሳቅሁባት። እሷ ግን ልትል የነበረው «አወጣሁ» ነው። ማኅበር ነው፣ የታመመ ልጠይቅ ነው እያለች ከሰዓት በኋላ የምትወጣው ለዚህ ኖሯል። ያንን ቃል ይዛ፣ በሰው ፊት ልታስደስተኝ፣ ፊቷ በርቶ ቆማ ነበር። ይህን ለጋሽ አበጀ ነግራቸው ኖሯል፤ እሳቸውም ሳይወቅሱኝ፣ በገዛ ትምህርቴ ነገሩኝ። እኔ ቀባጠሩ አልሁ።

አስከሬኑ ሲወጣ እትዬ አንጓች ያንን ጃንጥላ ታቅፈው ከቤት ወጡ። ሙሾ አላወረዱም፤ ደረታቸውንም አልደቁም። በዚያ በጎርናና ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ተቆጡ እንጂ።

«ሳታውቀኝ ሄድህ! አበጀ! ገና እኮ አላወቅኸኝም! ምን አስቸኮለህ?»

«ኀዘኑ አዞራቸው» አለች አንዷ ሴት። «ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖረው፣ አላወቅኸኝም ምን ማለታቸው ነው?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ነገሩን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ቀና ብዬ ስፈልጋት ባለቤቴም እኔን ታያለች። ዓይኔን ሰበርሁ። የባል ዓይን ሚስቱን ማየት ሲፈራ እንደዚያ ነው እንግዲህ።

ከቀብር መልስ ፒክአፑ አጠገብ ብቻዋን አገኘኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከዚያ ድረስ የምላትን በልቤ ሳጠና ነው የመጣሁት። ቀርቤ ነጠላዬን አስተካከልሁና፣

«እርስዎ... እንዴት ሰነበቱ?» አልኋት።

ፊቷ ጠቆረ። «እዚህም ትቀልድብኛለህ?»

«ኧረ አልቀለድሁም! በእግዜር፣ እኔ እኮ...»

«እርስዎን ለእሳቸው ተውላቸው። የእነሱ ነው። እኔ እርስዎ በለኝ አልሁህ?» በሩን ከፍታ ገባችና ቁልፉን ሰካች። ዓይኗ እንባ አዝሏል። «ስም አለኝ እኮ።»

ስም አላት። ስልኬ ላይ «ቤት» ናት፤ ለሰው «ባለቤቴ» ናት፤ ቤት ውስጥ «አንቺ» እና «ስሚ» ናት። ይህን ሁሉ ሳወራችሁ እንኳ አንድ ጊዜ ስሟን ሰምታችኋል? መቼ እንደጠራኋት ላስታውስ ብሞክር አጣሁት። ቧንቧው ዳር እጠራት ነበር፤ «ጀሪካንሽ ሞላ» እያልሁ፣ ስሟን ብቻ ለመጥራት ሰበብ እየፈለግሁ። ያ ሰው የት ሄደ? አሁን አፌ ላይ ሲመጣ አዲስ የተማሪ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠራ ያህል ፈራሁት።

«ትርንጎ» አልሁ።

እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ። ስሚ ስላት «ምን?» ነበር የምትለኝ። አሁን ግን ሳታስበው፣ ከልጅነቷ እንደለመደችው፣

«አቤት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላጠናሁም ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ «እኔ እኮ...» አልሁና ቀሪው ጠፋኝ። ትርንጎ ሞተሩን ሳታስነሣ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምርልኝ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።